ምርጥ ምድጃ፦ እንጨቱን ቆጥቧል፤ ጭሱስ?

ደብረ ማርቆስ ዳር ላለው የእናቴ ማድ ቤት ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ከገዛሁ ዓመት አልፎታል። በሲሚንቶ የተሠሩት ክፋዮች ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚያቅፉትና እሳቱ እንደ ሦስት ጉልቻ ስለማይበተን፣ ሁለት እቅፍ ይፈጅ የነበረው የባሕር ዛፍ እንጨት አሁን በአንዱ ይበቃል። ከኋላ በሚወጣው ነበልባል ላይ ወጥ መጣድ መቻሉን እናቴ ከሁሉ በላይ ወዳዋለች። አንዱ ክፋይ በሁለተኛው ወር ተሰንጥቆ ሻጩ ለመቀየር ቢያመላልሰንም፣ በእንጨት ረገድ ምድጃው የሚነቀፍ አይደለም።

እኔ ግን የገዛሁት ለጭሱ ብዬ ነበር። በክረምት፣ በሩ ተዘግቶ እርጥብ እንጨትና ኩበት ሲነድ፣ የእህቴ ልጆች ከአያታቸው ቀሚስ ሥር አይጠፉም፤ ጉንፋን ከያዛቸውም ሳሉ ቶሎ አይለቃቸውም። ጭስ ራሱ ቫይረስ አያመጣም፤ ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ነገር ግን ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡት የጭስ ቅንጣቶች፣ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሱ በመሆናቸው እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃሉ። በመንገዳቸውም አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ፀጉር መሰል የሕዋስ ቅጥያዎች ያዳክማሉ፤ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ያስቆጣሉ፤ ተውሳክን የሚውጡት የመከላከያ ሕዋሳትም ሥራቸውን በአግባቡ እንዳይሠሩ ያደርጋሉ። ቫይረሱ የሚያገኘው እንዲህ የተዳከመ ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እነዚህ ቅንጣቶች በዓመት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ መክሯል፤ በዝግ ማድ ቤት በእንጀራ ሰዓት መጠኑ በመቶዎች ይቆጠራል።

ታዲያ ምድጃ መቀየር ያድናል? በጓቲማላ የተካሄደውና በ2011 የታተመው ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሕፃናትን የጭስ ተጋላጭነት በግማሽ ቢቀንስም፣ በሐኪም የተረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው ጎልቶ እንዳልቀነሰ፣ ጽኑው ዓይነት ግን እንደቀነሰ አሳይቷል። በማላዊ የተሞከረው የተሻሻለ ምድጃ ደግሞ በሕፃናት የሳንባ ምች ላይ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ሻጮች «ከሳል ይገላግላል» ሲሉ ከሚገባው በላይ ማለታቸው ነው።

እኛ የገዛነው ጭስ ማውጫ የሌለውን ነው፤ የሚገዛ ሰው ማውጫ ያለውን ዓይነት ቢያፈላልግ ይሻለዋል። እኛ ዘግይተን ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ በስተጓሮ ሸነቆርነው፤ ጭሱ በግልጽ ቀንሷል፤ የእናቴ ነጠላ ግን አሁንም ጋግራ ስትወጣ ጭስ ጭስ ይላል።