የአብዱል ዋዱድ «ባይ ማይሰልፍ»፦ ሸክላው ይገዛል፣ በስልክ ስፒከር ግን አይሰማም

ቼሎ፣ ከቫዮሊን የሚተልቀው ባለ ቀስት የክር መሣሪያ፣ በጃዝ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቤዝ ተጫዋቾች ተደራቢ መሣሪያ ሆኖ ነው የኖረው፤ ኦስካር ፔቲፎርድንና ሳም ጆንስን ማንሳት ይበቃል። አብዱል ዋዱድ ግን ከመነሻው ቼሊስት ነው። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ክሊቭላንድ ተወለደ፣ ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ፣ ማስተርሱን ከስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያዘ፣ በኒው ጀርሲ ሲምፎኒም ተጫውቷል። «ባይ ማይሰልፍ» («ብቻዬን») የተባለውን ይህን ሸክላ በ1977 ቢሻራ በተባለው የራሱ አሳታሚ ሲያወጣ አጃቢ አልጠራም። ስድስት ድርሰት፣ አንድ ቼሎ።

የዋዱድ ዋና መሣሪያ ቀኝ እጁ ነው። ቀስቱን አስቀምጦ ክሮቹን እንደ ክራር ይደረድራል፤ የታችኛውን ክር እየመታ ቤዙን ያስኬዳል፣ በላይኞቹ ደግሞ ዜማውን ያወጣል። ቼሎ ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብሎ በአምስተኛ (ከአንዱ ክር ወደ ቀጣዩ አምስት ኖታ ተቆጥሮ) ስለሚቃኝ በክሮቹ መሃል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ ድርደራ ከጊታር የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ግራ እጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ እንደ ጊታር አንገት ላይ የጣት ቦታ የሚለይ መስመር (ፍሬት) ስለሌለም ጣት ትንሽ ከሳተ ድምፁ ወዲያው ይረክሳል። የሲምፎኒ ሥልጠናው የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። ቀስቱን አጥብቆ የሚገዘግዝባቸው ቦታዎች ግን ለጆሮ ሻካራ ናቸው። ለስላሳ የእራት ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ይለፈው።

የታችኛው ዶ ወደ 65 ኸርዝ ስለሚወርድ የስልክ ስፒከር አያወጣውም፤ የሚቀረው የጣት ኳኳታ ብቻ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። የቤዝ መጨመሪያውን ግን ዝጉት፤ ያበጠው ዶ የላይኞቹን ክሮች ይውጣቸዋል።

ለግዢ በ2023 በጎታ ግሩቭ የታተመው ይሻላል። አታሚው የዋዱድ ከተማ የክሊቭላንድ ነው፤ እሱ ራሱ ግን በነሐሴ 2022 አርፎ ስለነበር ሸክላውን አላየውም። የ1977ቱ ኮፒ ሰብሳቢዎች እጅ ስለገባ ውድ ነው። ከተገኘም በፎቶ ብቻ መግዛት አደጋ አለው፤ መብራት በጎን አብርቶ ጭረቱን ማየት ያስፈልጋል። ከበሮና እንደ ትራምፔት ያሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች ባሉበት ሸክላ ላይ የሚደበቅ የጭረት ኳኳታ በብቸኛ ቼሎ ዝምታ መሃል ጎልቶ ይወጣል። በየገጹ መጨረሻ፣ መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ፣ የቀስቱ ከፍተኛ ድምፅ ከተንጫረረ ጥፋቱን በሸክላው ላይ ከማላከክ በፊት የመርፌውን አቀማመጥና ክብደት ካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ከሚጠይቀው ጋር አስተያዩ። መርፌ በጣም ሲቀልልም ያዛባል፣ የሸክላውን ቦይ (ግሩቩን)ም ይጎዳል።

ለብቻው የተቀዳ ቼሎ ለሚከብደው ሰው መግቢያው የጁሊየስ ሄምፊል አልበም «ዶጎን ኤ.ዲ.» ነው። በ1972 ሴንት ሉዊስ ሲቀዳ ቤዝ ተጫዋች አልነበረም። ሄምፊል አልቶ ሳክስፎን፣ ባይኪዳ ካሮል ትራምፔት፣ ፊሊፕ ዊልሰን ከበሮ፤ ከታች ሆኖ በ11 ምት እየተደጋገመ የሚዞረውን ሪትም የሚጎትተው ዋዱድ ነው። መጀመሪያ ሳክስፎኑን ተዉትና ቼሎውን ብቻ ተከተሉ። ዙሩ አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ «ባይ ማይሰልፍ» ላይ ቤዙና ዜማው ከአንድ እጅ ሲወጡ መለየት ይቀላል።