የፓሪሱ የሰላይ ጉብኝት፦ 28 ዩሮ ከፍዬ ግማሹን ታሪክ ሰማሁ

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። አራት ልሰጥ ነበር፣ መጨረሻው አናደደኝ።

ነገሩ ፓሪስ ውስጥ በእግር እየዞሩ የአንድ ሰላይ ታሪክ የሚሰሙበት ጉብኝት ነው። ለአንድ ሰው 28 ዩሮ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብለዋል፣ አስጎብኚው የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። ሰላዩ ግን ስም አለው፦ ሌዎፖልድ ትሬፐር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጀርመን ፓሪስንና ብራሰልስን ይዛ ሳለ፣ ጀርመኖች "ቀዩ ኦርኬስትራ" ያሉት የሶቪየት የስለላ መረብ የፓሪስና የብራሰልስ አለቃ ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

የሄድኩት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን አክስቴን ይዤ ነው። "ማማውን አየሁት፣ ሙዚየሙም በቃኝ፣ ሌላ ነገር አሳየኝ" ብለው ያስቸገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እኔ ጉብኝቱን ሰማሁትም፣ አስተረጎምኩትም። ለዚህ ቅናሽ አልተደረገልኝም።

መነሻው ሪቮሊ መንገድ ቁጥር 13 ነው። አስጎብኚው 20 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ይቅርታ ጠየቀና ወዲያው "በሉ አፋችሁን ክፈቱ" አለን። ዘጠኝ ሰው መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ቆመ። "አሁን ሮጣችሁ ማምለጥ ትችላላችሁ?" በ1942 መጨረሻ ትሬፐር እዚህ ቤት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው የጀርመን ፖሊሶች የገቡበት። በየከተማው ስሙን ሲቀያይር የኖረ፣ ጥላውን የማያምን ሰው፣ መጨረሻ ላይ ያስያዘው የጥርስ ቀጠሮ! ስለ ቀጠሮው ያወቁት ለሽፋን ያቋቋመውን ድርጅት ሰዎች ይዘው ሲመረምሩ ነው። አክስቴ ይህን ስተረጉምላቸው ጉንጫቸውን ያዙ። "በጥርስ ሕመም ላይ እስር" አሉ።

አጀማመሩን ወድጄዋለሁ፣ ዘግይቶ መምጣቱንም ይቅር ብዬዋለሁ።

ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ መለሰን። ትሬፐር በ1904 የተወለደ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። ወጣት ሳለ ፍልስጥኤም ሄዶ ኮሚኒስት ሆነ፣ እንግሊዞች አባረሩት፣ ፈረንሳይ ገባ፣ ከዚያ ሞስኮ። በጦርነቱ ዋዜማ የሶቪየት ወታደራዊ ስለላ ብራሰልስ ላከው። ሽፋኑ ምን መሰላችሁ? የዝናብ ካፖርት ንግድ። አስጎብኚው ይህን እየነገረን ዝናቡ ጀመረ። ከዘጠኛችን ካፖርት የያዘ አንድም ሰው የለም፣ ጃንጥላ የያዙት አክስቴ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከሪቮሊ ቀጣዩ ቦታ ድረስ በሜትሮ ነው የሚኬደው። ስንመዘገብ "ሁሉም ነገር በዋጋው ውስጥ ነው" ይል ነበር፣ የሜትሮ ትኬት ግን ከኪሳችን ነው የከፈልነው። 2 ዩሮ ተኩል ምንም አይደለም፣ አስቀድሞ አለመናገሩ ነው የሚያበሳጨው። ደግሞ የተሰጠኝ የጆሮ ማዳመጫ እንደ ድሮው አጭር ሞገድ ሬዲዮ ይንጫጫል። ቀይርልኝ ብለው ሌላ የለኝም አለ። ስለዚህ ሦስቱንም ሰዓት ከሰውየው አፍ ሥር ተለጥፌ ዞርኩ።

ሻንዜሊዜ ላይ ግን ተክሶናል። ሲሜክስ የሚባለው ሁለተኛው የሽፋን ድርጅት ቢሮው እዚህ ነበር፣ የከተማው ትልቁ ጎዳና ላይ፣ ማንም በሚያየው ቦታ። ደንበኛው ማን ነው? ቶት የሚባለው የጀርመን የግንባታ ድርጅት፣ በባሕሩ ዳርቻ ምሽግ የሚሠራው። ሲሜክስ ዕቃ ያቀርብላቸዋል፣ እነሱ ይከፍላሉ፣ በትርፉ የስለላው መረብ ይኖራል። በዚያ ላይ የንግድ ሰው ስለሆነ ተራ ሰው የማያገኘው የመተላለፊያ ወረቀት ይሰጡታል፣ ጀርመኖቹ የት ምን እንደሚገነቡም ከግዢ ትዕዛዛቸው ይታወቃል። አክስቴ በሳቅ ፈነዱ። "በገዛ ገንዘባቸው!" መርካቶ የነገደ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚም አያስፈልገውም።

እዚሁ ስለ ሬዲዮዎቹም ነገረን። ጀርመኖች በድብቅ መልእክት የሚያስተላልፈውን ሰው "ፒያኒስት" ይሉታል፣ የ"ኦርኬስትራው" ስም የመጣው ከዚህ ነው። ፒያኒስት አየር ላይ በቆየ ቁጥር አቅጣጫ ፈላጊ መሣሪያ የያዙት እየቀረቡት ይመጣሉ። ብራሰልስ ውስጥ በታኅሣሥ 1941 አንድ ቤት የተያዘው እንደዚህ ነው፣ ከዚያ ቤት የተጀመረው ክር ነው እየተተረተረ እስከ ጥርስ ሐኪሙ የደረሰው።

ቀጥሎ ሶሴ መንገድ ቁጥር 11፣ ጌስታፖ (የናዚ ጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ) የነበረበት ሕንፃ። የጉብኝቱ ልብ መሆን የነበረበት ይሄ ነው፣ የተበላሸውም እዚህ ነው። ቦታው የአገር ውስጥ ሚኒስቴር አጠገብ ስለሆነ ጥበቃ አለ፣ ቡድን ይዞ መቆም አይወደድም። ስለዚህ አስጎብኚው እየተራመደ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ከመኪና ጩኸት ጋር እየታገለ ነው ያወራው። አንድ መናፈሻ ወይ ካፌ ይዞን ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ያመለጠኝን በኋላ አነበብኩት። ትሬፐርን የያዘው ካርል ጊሪንግ የሚባል ሰው ነው (ከታወቀው የሂትለር ሹም ጎሪንግ ጋር እንዳታምታቱት)። ሊገድለው አልፈለገም። የተማረኩት ሬዲዮዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሞስኮ እያወሩ እንዲቀጥሉ ነው የፈለገው። ዓላማው ሶቪየትን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ማጣላት ነው። ለዚህ ደግሞ አለቃው በሕይወት ያለና ነፃ የሆነ መምሰል አለበት። ትሬፐርን በደህና አስቀመጡት፣ በመኪናም ከጠባቂ ጋር ከተማ ውስጥ ያዞሩት ጀመር።

አስቡት እንግዲህ። እምቢ ካለ እዚሁ ይሞታል። እሺ ካለ ደግሞ ሞስኮ ከሃዲ ብላ ትገድለዋለች፣ ያውም ሰውየው የስታሊንን ቤት ያውቀዋል፣ የወታደራዊ ስለላው አለቃ የነበረው ያን ቤርዚን በ1938 በራሱ መንግሥት ሲረሸን አይቷል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፣ ይሄ ሰው ግን ሁለቱም ዛፍ ላይ ያወጡት ሌሎች ናቸው። "በሁለት ቢላ የሚበላ" አሉ አክስቴ፣ ከዚያ ትንሽ አሰቡና "ኧረ እሱ አይደለም የሚበላው፣ እሱን ነው በሁለት ቢላ የሚበሉት" አሉኝ። ከአስጎብኚው የተሻለ ማብራሪያ።

ትሬፐር እሺ አለ። እንደ እሱ አተራረክ ግን ጠባቂዎቹ አጠገቡ እያሉ በዕብራይስጥ፣ በይዲሽና በፖላንድኛ የተቀላቀለ ማስጠንቀቂያ በድብቅ ጽፎ፣ ከረሜላ ቤት በምትሠራ የኮሚኒስት ፓርቲ ሴት እጅ ወደ ሞስኮ አስልኳል። ሬዲዮዎቹ ተይዘዋል፣ አትመኑ፣ ነው መልእክቱ። ችግሩ የጀርመኖቹ ፋይል የሚያሳየው ሰውየው ከሚለው በላይ ሲተባበራቸው ነው። ለምሳሌ ከፍልስጥኤም ጊዜ ጀምሮ ጓደኛውና ቀኝ እጁ የነበረው ሂለል ካትስ ከእሱ ቀጥሎ ተያዘ፣ ከዚያም በሕይወት አልተመለሰም። ማን እንዳስያዘው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አስጎብኚያችን ግን ክርክር የሚባል ነገር አያውቅም። ጀግና፣ ጀግና፣ ጀግና። እኔ ከሃዲ ነው አላልኩም። እዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው አይፈርድም። ነገር ግን ታሪኩን የሚያጣፍጠው ጥርጣሬው ነው፣ እሱን አውጥቶ ማቅረብ ወጥን ያለ በርበሬ እንደ ማቅረብ ነው።

ኦስማን ጎዳና ላይ የሲሜክስን ሌላ ቢሮ አየን። በር ነው፣ እንለፈው።

የመጨረሻው ቦታ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሮም መንገድ ላይ ነው። መስከረም 13 ቀን 1943 ትሬፐርን የሚጠብቀው ቪሊ በርግ የሚባል መኮንን ሆዱን አሞት ነበር። "እዚህ ሰፈር ጥሩ ፋርማሲ አለ፣ መድኃኒት ልግዛልህ" አለው እስረኛው። ባዪ የሚባለው ፋርማሲ ሁለት በር ነበረው። በአንዱ ገባ፣ በሌላው ወጣ፣ ሜትሮ ውስጥ ተሰወረ።

አስጎብኚው ይህን በቲያትር አሳየን። አክስቴን በርግ አድርጎ መረጣቸው። ጃንጥላቸውን እንደ ጠመንጃ አስይዞ፣ ሆዳቸውን በሌላ እጃቸው አስደግፎ፣ "እዚህ ጠብቂኝ" ብሏቸው ጥጉን ዞረ። ቆምን። አክስቴ ሚናቸውን በጣም አክብረው ዓይናቸውን ከጥጉ አልነቀሉም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከኋላችን አንድ ሰው ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጋቸው ጮኹ፣ እሱው ነው። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር ለዚህች አምስት ደቂቃ 28 ዩሮው አይቆጨኝም።

ጭብጨባ ሆነ። ባርኔጣው ለጉርሻ ዞረ። አክስቴ "ከዚያስ?" አሉ፣ ጠየቅኩላቸው። "ከዚያማ ነፃ ወጣ!" አለና ፈገግ አለ።

እዚህ ጋ ነው አንዷ ኮከብ የወደቀችው።

ነፃ ወጣ እንዴ? ትሬፐር ካመለጠ በኋላ ጀርመኖቹ እሱን ሲያሳድዱ ያገኙትን ሁሉ ነው ያሰሩት። ሱዛን ስፓክ የምትባል፣ የአይሁድ ሕፃናትን በማሸሽ ብዙ ነፍስ ያተረፈች ሴት በዚህ አደን ተያዘች። ነሐሴ 12 ቀን 1944 ፍሬን እስር ቤት ውስጥ ገደሏት፣ ፓሪስ ነፃ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት። የሲሜክሱ ሥራ አስኪያጅ አልፍሬድ ኮርቤንም ቀደም ሲል በርሊን ውስጥ አንገቱን ተቀልቷል። እነዚህ ሰዎች በሦስት ሰዓት ውስጥ አንዴም አልተነሡም።

እሱስ? በጥር 1945 መጀመሪያ የሶቪየት አውሮፕላን ከፓሪስ ወደ ሞስኮ ይዞት በረረ። እዚያው አውሮፕላን ላይ ሳንዶር ራዶ የሚባል፣ የስዊዘርላንዱ መረብ አለቃ የነበረ ሃንጋሪያዊ ካርታ ሠሪ አብሮት ነበር። ካይሮ ሲያርፉ ራዶ ነገሩ ሸተተውና ጠፋ። እንግሊዞች ጋ ጥገኝነት ጠየቀ፣ አልተሳካም፣ በኋላ ለሶቪየት ተላልፎ ተሰጠ። ትሬፐር ግን አልጠፋም። ከጌስታፖ በፋርማሲ በር የወጣው ሰው ካይሮ ላይ ክፍት በር እያየ ወደ አውሮፕላኑ ተመልሶ ገባ። እኔ ብሆን አስጎብኚውን የማስጨርሰው እዚህ ላይ ነበር።

ከድጡ ወደ ማጡ። ሞስኮ እንደደረሰ ታሰረ፣ ሉቢያንካ የሚባለው እስር ቤት ገባ፣ የወጣው በ1954 ነው፣ ስታሊን ከሞተ በኋላ። ከጌስታፖ ጋር የተባበረው ሌላው የመረቡ ሰላይ አናቶሊ ጉሬቪች እና ያሠራው የነበረው የጌስታፖ ሰው ፓንቪትስ አብረው ሞስኮ ገብተው ሁለቱም ታሰሩ። ፓንቪትስ በ1955 ወደ ጀርመን ሲመለስ፣ ጉሬቪች ስሙ የጸዳለት በ1991 ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ የነገርኳቸው ጣቢያው ፊት ለፊት ካፌ ተቀምጠን፣ እርጥብ ጫማችንን ጠረጴዛ ሥር አውልቀን ነው። እሳቸው ስለ ስለላው አልጠየቁም። "ሚስቱስ?" አሉ። ሚስቱና ልጆቹ ሞስኮ ነበሩ፣ እሱ እዚያው ከተማ መታሰሩን ግን አያውቁም ነበር። አክስቴ ቡናውን ገፋ አደረጉት። በኋላ ቤተሰቡ ፖላንድ ገባ፣ በ1968 እዚያ በአይሁዶች ላይ ዘመቻ ተነሣ፣ ልውጣ ሲል ለዓመታት ከለከሉት። መጨረሻ ላይ እስራኤል ሄዶ በ1982 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሞተ።

አስጎብኚው "ጉብኝቱ ስለ ፓሪስ ነው" ቢለኝ ይገባኛል፣ ሞስኮ ድረስ በእግር ውሰደኝ አላልኩም። ፋርማሲው ጋ ቆሞ አሥር ደቂቃ ቢጨምር ግን ማን ይከለክለዋል? ያንን ቢያደርግ አራት፣ የጆሮ ማዳመጫው ቢሠራ አምስት ሰጠው ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ካፖርት ያዙ፣ የሜትሮ ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ፣ ሶሴ መንገድ ላይ ከፊት ሁኑ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ የሚቀመጡበት ቦታ እንደሌለ ንገሯቸው።

አክስቴ አዲስ አበባ ሲመለሱ የጥርስ ቀጠሮ አላቸው። የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማንም አልናገርም ብለዋል።