ሲያኖተስ፦ ከዘር ወይስ ከቅርንጫፍ?

የደቡብ ካሊፎርኒያን ደረቅ የባሕር ዳርቻ ተራሮች የዝናቡ ወራት ሲገባደዱ ነጭና ሰማያዊ የሚያለብሳቸው ሁሌ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ሲያኖተስ ነው። ግቢ ውስጥ ለማብቀል ሁለት መንገድ አለ።

ከዘር፦ ወጪው ትንሽ፣ ትዕግሥቱ ብዙ። ፍሬው ሲደርቅ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ቡናማ መሆን ሲጀምር በስስ ጨርቅ ይታሰራል። ከፓርክ ያለ ፈቃድ አይለቀምም። የዘሩ ቅርፊት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ተራራው ላይ የሚከፍተው የሰደድ እሳት ሙቀት ነው። ቤት ውስጥ የፈላ ውሃ ከእሳት አውርደው፣ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ዘሩን ጨምረው እስኪነጋ ይተዉት። እሳት ላይ እንዳለ ከጨመሩት ይቀቀላል። ከዚያ በእርጥብ አሸዋ ከ2 እስከ 3 ወር ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ቡቃያው ውሃ ከበዛበት ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ጠቁሮ ይወድቃል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ከቅርንጫፍ፦ ፈጣን፣ ግን በየቀኑ ክትትል ይፈልጋል። አበባ ያልያዘ 10 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሉ ተራግፎ፣ ሥር ማውጫ ሆርሞን ተነክሮ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) እና አሸዋ ውስጥ ይተከላል። በላስቲክ ይሸፈናል፤ ካልተናፈሰ ግን ይሻግታል።

ሁለቱም የሚተከሉት በመጸው ነው። ሥር ከሰደዱ በኋላ በሐሩር ወራት ውሃ ማብዛት ሥራቸውን ያበሰብሳል።

የተራቆተ ሰፊ ዳገት ለመሸፈን ዘር ይሻላል፤ ችግኞቹ ስለሚለያዩ አንድ በሽታ ሁሉንም አይጠርግም። እንደ ሬይ ሃርትማን ያለ ድቅል ከተፈለገ ግን ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ዘሩ እናቱን አይመስልም።