ደሴ ላይ ለጤና ተማሪዎች የሚሰጠው የሦስት ቀን የቡድን ሥራ ሥልጠና ሲገመገም

ቲቲፒ (የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ሄደው የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ሊወጡ ወይም የሆስፒታል ዋርድ ሊገቡ ለተቃረቡ የጤና ተማሪዎች ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ማሠልጠኛ የሚሰጠው የሦስት ቀን የቡድን ሥራ ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ቢወጣበት አያስቆጭም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ካልተሟሉ ጥቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። አንደኛ፣ ተመዝጋቢዎቹ ከአንድ ዲፓርትመንት ብቻ የመጡ መሆን የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ያለው የውይይት ሰዓት መቆረጥ የለበትም። የማሠልጠኛውን ስም አናነሳም፤ ከታች የምናነሳቸው ጉድለቶች የብዙ ሥልጠናዎች ጉድለቶች ናቸውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የጋራ ትምህርት የሚባለው የሁለትና ከዚያ በላይ ሙያ ተማሪዎች ስለ እርስ በርሳቸው፣ አንዱ ከሌላው፣ አብረውም ሲማሩ ነው። እኛ ዘንድ ግን ነርሷ ከነርሶች ጋር፣ የላብራቶሪው ተማሪ ከላብራቶሪዎች ጋር ተምሮ ይመረቃል። ከዚያ የመጀመሪያ ትውውቃቸው ሌሊት፣ ደም የሚፈሳት እናት አልጋ አጠገብ ይሆናል። የሥልጠናው ትልቁ ውለታ ይህን ትውውቅ ወደ ቀን ማምጣቱ ነው።

አደረጃጀቱ ቀላል ነው። 24 ሠልጣኞች በአራት ቡድን ይከፈላሉ፤ በየቡድኑ ስድስት ሰው። አንድ የሕክምና ተማሪ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ሚድዋይፍ፣ አንድ ላብራቶሪ፣ አንድ ፋርማሲ፣ አንድ የአካባቢ ጤና። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ፣ መጋረጃ፣ ነጭ ሰሌዳና ከየትኛውም ጥግ የሚታይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሰዓቱን እንደ ተራ ዕቃ አትዩት። ያለሱ ማንም "መድኃኒቱ የተሰጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

የመጀመሪያው ቀን የሚጀምረው በንግግር ሳይሆን በደም መጠን ግምት ነው፤ ይህን ወደነዋል። አሠልጣኞቹ ውሃ በከርከዴ አቅልተው 300፣ 500፣ 800 እና 1,200 ሚሊ ሊትር ይለካሉ። አንዱን በአንሶላ ላይ፣ አንዱን በጎዝ ላይ፣ አንዱን በባልዲ፣ አንዱን በፕላስቲክ ላይ ያፈስሱታል። ሠልጣኝ ሁሉ ሳይነጋገር ግምቱን በወረቀት ይጽፋል። ብዙው ሰው ከእውነቱ በታች ይጽፋል፤ መጠኑ ሲጨምር ስህተቱም ይጨምራል፣ አንሶላ የጠጣው ደም ደግሞ ከሁሉ በላይ ያታልላል። ስድስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲለጠፉ ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል፦ አንድ እናት፣ ስድስት የተለያየ ቁጥር፤ ታዲያ ቡድኑ በየትኛው ይንቀሳቀሳል? መለኪያ ያለው የደም መሰብሰቢያ ፕላስቲክ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅም።

ቀጥሎ የትእዛዝ አሰጣጥ ይመጣል። የሥልጠናው ምርጥ ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የተለመደው ስህተት "ኦክሲቶሲን ስጡ" (ማሕፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት) ብሎ ለክፍሉ በሙሉ መናገር ነው። ለሁሉ የተነገረ ለማንም አልተነገረም፤ ሁለት ሰው ይሰጠዋል ወይም ማንም አይሰጠውም። እዚህ የሚለማመዱት አራት ነገር ያለበት ትእዛዝ ነው፦ የሰው ስም፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ። ተቀባዩ ቃል በቃል ይደግማል፣ አዛዡ "ልክ ነው" ይላል፣ ተቀባዩ ሲጨርስ ደግሞ ያሳውቃል። ሲነገር እንዲህ ነው፦

"ሲስተር ሐና፣ ኦክሲቶሲን አሥር ዩኒት ጡንቻ ላይ።"
"ኦክሲቶሲን አሥር ዩኒት ጡንቻ ላይ።"
"ልክ ነው።"
"ኦክሲቶሲን አሥር ዩኒት ጡንቻ ላይ ተሰጥቷል፣ ከሌሊቱ 8:14።"

መጀመሪያ ላይ ሠልጣኞች ይሳሳቃሉ፣ እንደ ድራማ ይመስላቸዋል። አሠልጣኞቹ ይህን በመታገሥ ያልፉታል፤ አሥር ጊዜ ያህል ከተደጋገመ በኋላ ሳቁ ራሱ ይቆማል። አንድ ጠቃሚ ምክርም ይሰጣሉ፦ ትእዛዙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ቢቀላቀልም ቁጥሩ በአማርኛ ይሁን። "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ" በጫጫታ ውስጥ ይምታታሉ፤ "አሥራ አምስት" እና "ሃምሳ" ግን በመጋረጃ ጀርባም ይለያሉ። ይህን ብቻ ይዞ የወጣ ሠልጣኝ እንኳ ብዙ ይዞ ወጥቷል።

ከሰዓት በኋላ ያለው ርዕስ ደፍሮ መናገር ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ከባዱ እሱ ነው። በአሜሪካ የጤና ምርምርና ጥራት ኤጀንሲ ከአገሪቱ መከላከያ ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቲምስቴፕስ የተባለው ፓኬጅ ሦስት ደረጃ ያስተምራል፦ አሳስቦኛል፣ አልተመቸኝም፣ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ደግሞም አንድ ሰው ስጋቱን ተናግሮ ካልተሰማ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲናገር ይጠይቃል። ይህ በቀጥታ ሲተረጎም ተማሪው አፍ ውስጥ አይገባም። ታናሹ ታላቁን፣ ነርሷ ዶክተሩን የምትናገረው "ምናልባት ቢታይ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም" እያለች ነውና፣ መልእክቱ በትሕትናው ውስጥ ይሰጥማል። አሠልጣኞቹ ያገኙት መፍትሔ ትክክለኛ ነው፦ አክብሮቱ በአጠራሩና በግሡ ይቆይ፣ ቁጥሩና ጥያቄው ግን አይለዝብ። "ዶክተር፣ አሳስቦኛል። ደሙ 800 ሚሊ ሊትር አልፏል፣ ግፊቷ 80 በ50 ነው። እባክዎ አሁኑኑ ይዩልኝ።" እዚህ ውስጥ የሚያስቀይም ቃል የለም፤ ቸል የሚባል ነገርም የለም።

ሁለተኛው ቀን ሙሉ የሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛ ሁኔታን አስመስሎ የመለማመድ ቀን ነው። ዋናው ትዕይንት ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ሲሆን 12 ደቂቃ ይወስዳል። ቡድኑ ማሕፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም እንዲቆም የሚረዳ መድኃኒት) 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር፣ ምርመራ፣ እርዳታ መጥራት፤ ይህን ሁሉ ተከፋፍሎ ይሠራል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅሙ ስለሚጠፋ ያ የግድግዳ ሰዓት እዚህ ዋጋውን ያሳያል። ብዙ ቡድን የሚሰናከለው ግን በመድኃኒት እውቀት አይደለም። መሪው ራሱ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ለማስገባት ያጎነብሳል፤ ያኔ ቡድኑን የሚያይ ሰው ይጠፋል። ሦስት ሰው ካኑላ ላይ ይረባረባል፣ የሚጽፍ ግን የለም። የላብራቶሪው ልጅ ደም ሊወስድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚጠራው የለም፤ በመጨረሻ ሲወስድም የናሙናው ቱቦ ላይ ስም ሳይጻፍ ለክሮስማች (የሚሰጣት ደም ከእሷ ጋር መስማማቱን ለማየት) ይላካል።

ትዕይንቱ ውስጥ በብልሃት የተቀበረ ወጥመድም አለ። የኦክሲቶሲኑ አምፑል የተቀመጠው ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሙቀት ኃይሉን ይቀንሰዋል። ይህን አስተውሎ መናገር ያለበት የፋርማሲው ተማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ያየዋል፣ አይናገርም፤ "የእኔ ድርሻ አይደለም" ብሎ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ችግሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሊኖር ይችላል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ግን የመስኮቱ ነገር ሌላ ነው። ስለ ድርሻ በቃል ከሚሰጥ ሰፊ ማብራሪያ ይልቅ ይህች አንዲት አምፑል ታስተምራለች።

የሥልጠናው ትልቁ ጉድለት የሚታየው ግን ልክ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ለ12 ደቂቃው ትዕይንት 25 ደቂቃ ውይይት ተመድቧል፤ ልኩም ይኸው ነው፣ ውይይት ከትዕይንቱ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። በተግባር የመጀመሪያው ቡድን 25 ያገኛል፣ አራተኛው 8 ይደርሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ክፍልና ሁለት አሠልጣኝ ለአራት ቡድን አይበቃም፣ የዕቃ ማጽዳቱና ማስተካከሉ ጊዜም አልተቆጠረም። ውይይቱ ሲያጥር አሠልጣኙ ወደ ትችት ይቸኩላል፤ "እዚህ ጋ ተሳስታችኋል" ይላል፣ ሠልጣኙ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ይወጣል። በደንብ ሲመራ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሁሉም ስሜቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተነፍሳል። ቀጥሎ የሆነው ነገር በጸሐፊው ሰዓት መዝገብ መሠረት ይደረደራል። ከዚያ "ያኔ ምን አስበህ ነበር?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ስህተቱ የሚገኘው በእጅ ሳይሆን በሐሳብ ውስጥ ነውና። በመጨረሻ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ዙር የሚለውጠውን አንድ ነገር ይናገራል። ከዚያም ትዕይንቱ ይደገማል። ድጋሚ ያላገኘ ቡድን ስህተቱን ይዞ ይሄዳል፤ አራተኛው ቡድን ደግሞ ድጋሚ አያገኝም። ሦስት ቡድን ብቻ ቢቀበሉ ይህ ይፈታል።

ሦስተኛው ቀን ስለ ርክክብ ነው። ኤስባር የሚባለው አራት ደረጃ፣ ማለትም አሁን ያለው ሁኔታ፣ ታሪኩ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምጠይቀው ነገር፣ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምና ያመጣው ካይዘር ፐርማነንቴ ነው። ሠልጣኞች በስልክ በ60 ሰከንድ ይለማመዱታል። ሁሌ የሚዘለለው አራተኛው ነው፦ ሦስቱን ደርድረው "እንግዲህ ይኸው ነው" ብለው ይዘጋሉ፣ ዶክተሩ እንዲመጣ ይፈለግ ወይስ መድኃኒት ይዘዝ አይታወቅም። ከዚያ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት ይመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥቡ። ለዚህ የተሰጠው 40 ደቂቃ በቂ ነው።

የሚያሳዝነን የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ጉዳይ ነው። በሦስቱ ቀን ትዕይንቶች ውስጥ የእነሱ ሥራ የለም፤ "ቆሻሻ አስወግድ" ተብለው ጓንት ይሰበስባሉ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አብረው እንዲሠለጥኑ፣ አብረውም ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነበር የታሰበው። ዛሬ ቲቲፒ የምንለው ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። ለቲቲፒ ያዘጋጃል የተባለ ሥልጠና ከሦስቱ እግሮች አንዱን መተው የለበትም። ሌላም ነገር ጎድሏል፦ ቲቲፒ ላይ የሚያጣላው ደም መፍሰስ ሳይሆን ቤት ለቤት የዞረውና ያልዞረው፣ መረጃ ያስገባውና ያላስገባው፣ የጋራ ወጪ ነው። የወሎ ሰው ይህን በቅሬ፣ ማለትም በቀብር መረዳጃ ማኅበሩ ያውቀዋል፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ለሩቅ ዘመድ የሚደውለው አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ሳይመጣ የቀረውም ይመዘገባል። ተማሪዎቹም በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ የጽሑፍ ስምምነት እንዲያዘጋጁ ግማሽ ቀን ቢሰጥ ይጠቅማል።

ስለ አገልግሎቱ ባጭሩ፦ ከጠዋቱ 2:30 ይጀመራል ይባላል፤ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሠልጣኞች ስለሚዘገዩ 3:00 ቢባል ይሻላል። ዓርብ ለጁምዓ ከ6:00 እስከ 8:00 እረፍት መደረጉ ጥሩ ነው፤ ምሳም የጾምና የፍስክ ለየብቻ ይቀርባል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይቋረጥም፣ አብዛኛው ልምምድ ያለ ፕሮጀክተር ይሠራልና። ክፍሉ ይበርዳል፤ ጃኬት ይያዝ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ቡድን አለ፣ ከየትኛው ሙያ ስንት ሰው ተመዝግቧል፣ ትዕይንቱ ይደገማል ወይ። የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን የሚያስመዘግብ ዲፓርትመንት ደግሞ አንድ ትዕይንት እንዲጨመር ይጠይቅ፦ ከአንድ ቀበሌ በአንድ ቀን ስድስት የአተት ሕሙማን ጤና ጣቢያ ይገባሉ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ፣ ፈሳሹ እጅግ ለቀነሰ ሰው ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ በደም ሥር በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ ይህ የነርሷና የሕክምናው ተማሪ ሥራ ነው። የፋርማሲው ተማሪ ክምችቱ ለስንት ሕመምተኛ እንደሚበቃ ያሰላል፣ የላብራቶሪው ናሙና ይወስዳል። የአካባቢ ጤናው ልጅ ከ5 በመቶው በረኪና 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ ለወለሉ፣ 1 እጁን በ99 እጅ ውሃ ለእጅ መታጠቢያ ይበጠብጣል፣ ከዚያም ውሃ የቀዱበትን ምንጭ ሊመረምር ይወጣል፤ ቡድኑን የሚመራውም በዚያ ትዕይንት እሱ ይሁን።