የኒው ጀርሲው «ፕሪትራያል ኢንተርቬንሽን»፦ ጥሩ አገልግሎት፣ ጠባብ በር

ይህ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ፕሮግራም ተከሳሹ ለፍርድ ሳይቀርብ በክትትል ሥር ሆኖ የተሰጠውን ግዴታ እንዲፈጽም ዕድል ይሰጣል። ማመልከቻው 75 ዶላር፣ ክትትሉ ቢበዛ 3 ዓመት ነው። ግዴታውን የጨረሰ ሰው ክሱ ይሰረዝለታል። በዕድሜ አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። የእስሩ መዝገብ ግን በራሱ አይጠፋም፤ ክሱ ከተሰረዘ 6 ወር በኋላ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉ በዐቃቤ ሕጉ እጅ ነው። ሆን ተብሎ በኃይል የተፈጸመ ወንጀል በመመሪያው መሠረት ብዙውን ጊዜ ውድቅ ይሆናል። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሬይ ራይስ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 እጮኛውን አሳንሰር ውስጥ በቡጢ መትቶ ራሷን አስቷት በዚሁ በር ወጣ፤ ክሱም በ2015 ተሰረዘ። ይሄ አድልዎ ካልሆነ ምን ይባላል?

ዝና ሁሌ አያድንም እርግጥ። ሌላው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ፕላክሲኮ በረስ ኒው ዮርክ ውስጥ በፈቃድ የለሽ ሽጉጥ የገዛ ጭኑን መትቶ 2 ዓመት ተፈርዶበታል። እዚያ ሕጉ ለዐቃቤ ሕግ የሰጠው መላወሻ ጠባብ ነበር።

ከ5 ኮከብ 2።