ልጃችንን ባጣን ጊዜ ላልተለየችን አዋላጅ ነርስ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በባለቤቴና በራሴ ስም ነው። የምናመሰግናት በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል የምታገለግል አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስሟ በአደባባይ እንዳይነሣ ስለ ለመነችን እዚህም ሲስተር ብቻ እላታለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን እናቷ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች በማኅፀን ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ሕይወት ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ያወቅሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በየሰፈራችንም ይህን ሐዘን ለብቻቸው ይዘው የተቀመጡ ወላጆች ብዙ መሆናቸውን የተረዳሁት የእኛን የሰሙ ሰዎች እየመጡ የራሳቸውን ሲነግሩን ነው። ይህን ምስጋና በይፋ የምጽፈው ስለ እነርሱ ነው።

የልጃችን የልብ ምት መቆሙ በአልትራሳውንድ ከተረጋገጠ በኋላ ሲስተር ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ልጃችን መሞቷን ሳታድበሰብስ ነገረችን፤ ከዚያም ጥያቄ እስክንጠይቅ ድረስ ምንም ሳትጨምር አጠገባችን ቆየች። ምጡ በመድኃኒት እንደሚጀመር፣ ብዙ ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል፣ የሕመም ማስታገሻ መጠየቅ እንደምንችል አስረዳችን፤ በሐዘን የደነገጠ ሰው አንድ ጊዜ የተነገረውን እንደማይሰማ ታውቃለችና ያንኑ ነገር ሳትሰለች ደጋገመችልን። እኔ ከባለቤቴ እንዳልለይ ኃላፊዎቿን አስፈቀደች፤ ከወሊድ በኋላም የባለቤቴን አልጋ የሕፃናት ልቅሶ ከሚሰማበት ክፍል አራቀችላት።

ከሁሉ በላይ አመሰግናታለሁ የምለው ልጃችንን እንድናይ መንገድ ስለ ከፈተችልን ነው። ዘመዶቻችን፣ እናትየው ካየቻት ሐዘኑ አይወጣላትም በሚል አሳብ፣ ሕፃኗን ወዲያው ወስደው ሊቀብሩ ተነሥተው ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእርሷ ማሰባቸው ነው። ሲስተር ግን በአክብሮት፣ ‹‹እናቷ ሳትጠየቅ አይሆንም›› አለቻቸው። ከዚያም ወደ ባለቤቴ ገብታ የሕፃኗ ቆዳ ቀለም ተለውጦ፣ አንዳንድ ቦታም ተልጦ ልናየው እንደምንችል አስቀድማ ነገረቻት፤ ማየትም አለማየትም የእርሷ ውሳኔ እንደሆነ፣ አሁን እምቢ ብላ ቆይታ አሳቧን ብትለውጥም ማንም እንደማይቆጣት አረጋገጠችላት። ባለቤቴ አያታለሁ ስትል ሕፃኗን በአማቴ ነጠላ ጠቅልላ አመጣችልን። ክብደቷን በወረቀት ጽፋ፣ የእግሯንም አሻራ በማኅተም ቀለም አንሥታ ሰጠችን። ያ ወረቀት ዛሬ ከባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ልጃችን ያልተጠመቀች በመሆኗ ፍትሐት አልነበራትም፤ የንስሐ አባታችን ግን ቤት ድረስ መጥተው አጽናኑን፣ እኔም የተቀበረችበትን ቦታ ለእናቷ አሳየኋት።

ሕፃን ይዘን ባንመለስም ባለቤቴ ወላድ ነበረች፤ ሰውነቷም የወላድ እንክብካቤ ያስፈልገው ነበር። ይህን ማንም ባላሰበበት ሰዓት ሲስተር አሰበችው። ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ጡቷ እንደሚያግት ከሆስፒታል ሳንወጣ ነገረቻት። ደገፍ አድርጎ የሚይዝ ጡት መያዣ እንድታደርግ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ እንድታስቀምጥበት፣ ሕመሙ ሲጠናባት ብቻ ጥቂት አልባ እንድትተው፣ ብዙ ከታለበ ግን ወተቱ ይበልጥ እንደሚመጣ አስተማረቻት። ወተቱ የመጣ ቀን ባለቤቴ ያለቀሰችውን ልቅሶ መጻፍ አልችልም፤ ሳይነገራት ቢመጣባት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ግን አሁንም ይጨንቀኛል። አማቴንም ለብቻዋ ጠርታ፣ አጥሚቱም ገንፎውም እንዳይቀርባት አደራ አለቻት። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትኩሳት፣ የሚበዛ ደም፣ ወይም የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ከታየ ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል እንድንመጣም አስጠነቀቀችን፤ የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊያሰጋ ይችላልና።

ከዚያ በኋላ ትደውልልን ነበር፤ ከተረኛነቷ ስትወጣም ቤታችን ጎራ ትላለች። ጠያቂው ሁሉ ‹‹ልጅነት አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይክሳችኋል›› ብሎን ሲሄድ፣ እርሷ ስለዚያችው ስለ ሞተችው ልጃችን ትጠይቀን ነበር። እኔንም፣ ‹‹ወንድሜ፣ አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል?›› ብላ የጠየቀችኝ እርሷ ብቻ ናት። አባት እንዲያጽናና እንጂ እንዲጽናና የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድም 3 ቀን ነው። ለባለቤቴ መሥሪያ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ እንዲጻፍ የተከታተለችውም ሲስተር ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ሳይቋረጥባት ዐርፋበታለች። ሳምንታት አልፈውም ባለቤቴ ምግብ እየተወች፣ መኖር አስጠላኝ ማለት ስትጀምር፣ ይህ ከሐዘን አልፎ ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑን አስረድታን ከሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ራሷ አገናኘችን። በዚህ ጉዳይ የምትፈሩ ወላጆች ካላችሁ፣ ባለቤቴ ሕክምናዋን በመከታተሏ ዛሬ ደኅና መሆኗን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ለምን እንደሞተች የመጠየቅ መብት እንዳለንም የነገረችን እርሷ ናት። በቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ የክትትል ካርዱን፣ የእንግዴ ልጁን ሁኔታና የደም ምርመራውን አይቶ፣ መንሥኤው በእርግዝና የተነሣ የደም ግፊት ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጸልን፤ ለሚቀጥለውም እርግዝና ክትትሉን ገና በጠዋቱ እንድትጀምርና አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ እንድትወስድ መከራት። ምክንያቱ ሁልጊዜ እንደማይገኝ ሲስተር አስቀድማ ስላስረዳችን፣ ይህን ያህል ማወቃችንን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርነው። ባለቤቴም ዕቃ አንሥቼ ነው፣ መንገድ ሄጄ ነው እያለች ራሷን መክሰሷን ያቆመችው ከዚያ ወዲህ ነው።

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባችሁ ወላጆች፣ ወይም እኅታችሁ፣ ጎረቤታችሁ የደረሰባት ሰዎች፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ከሲስተር ጋር አገናኛችኋለሁ፤ እርሷም ፈቅዳለች። ክፍያ አትቀበልም። ሌሊት ተረኛ ስትሆን ጠዋት ስለምትተኛ መልእክት አስቀምጡላት፤ ከሰዓት በኋላ መልሳ ትደውላለች።