«2 ቴራ፣ ፊልም የተሞላ» የሚባለውን ፍላሽ አትግዙ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ ፊልም ወዳጆች ነው የምጽፈው። ጫጫ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሃል ሜዳ ላላችሁም ጭምር። «2 ቴራ ነው፣ 600 ፊልም ተጭኖበታል» ተብሎ በ2,500 ብር የተሸጠልን ፍላሽ ነበር። እንዳትገዙት። ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነና የራሳችሁን ፎቶ ወይም ቪዲዮ አስቀምጣችሁበት ከሆነ፣ ይህን ጽሁፍ እዚህ ጋ አቁሙትና ሂዳችሁ ክፈቱት። ከከፈተላችሁ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ ተመለሱና አንብቡ።

እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። እሁድ ከሰዓት አንድ ቤት እንሰባሰባለን። ቡና ይፈላል። በሳምንቱ ስላየነው ፊልም እንጫወታለን። ቤቱ የጋሼ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከሁላችንም በላይ ፊልም ያዩ ሰው ናቸው። ደንባችን ቀላል ነው። ለሳምንቱ አንድ ፊልም ይመረጣል፣ ሁሉም አይቶት ይመጣል፣ ከዚያ ክርክር ነው። ተዋናዩን የሚያነሳ አለ፣ ታሪኩን የሚያፈርስ አለ። አንዳንዴ ሳንስማማ ይመሻል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ፊልሙን የምናገኘው በፍላሽ ነው። ዳታ ውድ ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ደግሞ ከፍላሽ ሌላ መንገድ አልነበረንም። ስለዚህ በየጊዜው ማስጫን ሲሰለቸን «አንድ ትልቅ ነገር ገዝተን በጋራ እንጠቀም» ተባባልን። 500 500 ብር አዋጣን።

ሱቁን በስሙ አልጠራም። ልጁ ትሁት ነበር። «የኔ ወንድም፣ ኦሪጅናል ነው፣ ዋስትና አለው» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ሰካው። 2 ቴራ ይላል። ፎልደሩን ከፈተው። የፊልም ስም በተርታ ይወርዳል፣ አያልቅም። ከላይ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ አሳየኝ። ጥርት ብለው ሠሩ። ምን ልጠይቅ? ከፍዬ ወጣሁ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላም ነበሩ። ፍላሹ ከቤት ቤት ይዞራል፣ የላይ የላዩን እናያለን። ከዚያ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ተመረጠ። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካን ፊልም ፌስቲቫል የታየው ማለት ነው፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ ታሪክ ነው። አባቱ ዘመድ ጋ ጥሎት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አጎትየው ለበዓል በጓ ትታረድ ይላል። ልጁ ደግሞ ወጥ መሥራት የሚችል ልጅ ነው፤ ለአጎቱ ይህም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ይህን ፊልም ሰሜን ሸዋ ሆኖ ማየት ሌላ ነገር አለው። ከመሃላችን አንዷ የመንዝ ልጅ ናት። ከበግ ጋር ነው ያደገችው። የመንዝ በግ ስሙ ለምን እንደገነነ እሷን ጠይቋት። «አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም» ብላ ጀመረች። በዓል መጥቶ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ በግ ደጅ ቆሞ አለማረድ ምን ማለት እንደሆነ ከተማ ያደገ ሰው አይገባውም አለች። እኔ ከልጁ ጋር ነበርኩ። እናቱን ያጣ ልጅ የቀረችውን አንዲት ነገር እንዴት ይቀሙታል ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ስለ መጨረሻው ማውራት ጀመሩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አራታችንም ጸጥ አልን።

«መጨረሻውን አላያችሁትም እንዴ?» አሉ ጋሼ።

አላየነውም። አንዷ «የኔ መሃል ላይ ቆመ፣ ቴሌቪዥኑ መስሎኝ» አለች። ሌላው «የኔም ላፕቶፑ ደርቆ ቀረ» አለ። እኔም እንደዚያው። እያንዳንዳችን የራሳችን ዕቃ ችግር መስሎን፣ እንዳናፍር ያየነውን ያህል ይዘን ነው የመጣነው። ጋሼ ፊልሙን ከዓመታት በፊት ሲኒማ ቤት አይተውት ስለነበር ብቻ ነው ነገሩ የወጣው።

እዚያው ፍላሹን ሰክተን ከላይ ወደ ታች መክፈት ጀመርን። 23ቱ ሠሩ። 24ኛው «ላምብ» ነበር፤ መሃሉ ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለው በሙሉ አልከፍት አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ስሙ አለ፣ ፊልሙ የለም። «ድፍረት» ስሙ አለ፣ ፊልሙ የለም። ወደ 580 የሚጠጋ ፊልም ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤት ወስዶ መረመረው። ትክክለኛው መጠኑ 32 ጊጋ ነው፤ 2 ቴራ ማለት ደግሞ 2,000 ጊጋ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ የገባኝን ያህል ላስረዳ፤ ይህን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ፍላሽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ፋይሉ የሚቀመጥበት ነው። ሌላው ለኮምፒውተሩ «ይህን ያህል እይዛለሁ» ብሎ የሚናገር ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። አጭበርባሪዎቹ የሚነኩት ሁለተኛውን ነው። 32 ጊጋ ይዞ 2,000 ጊጋ እንዲል ያደርጉታል። 3 ኩንታል ገብስ የሚይዝ ጎተራ ላይ «200 ኩንታል» ብሎ እንደመጻፍ ነው። በር ላይ የቆመው ጸሐፊ የገባውን ሁሉ ይመዘግባል። ከ3 ኩንታል በኋላ ያለው ግን በጀርባ በኩል እየፈሰሰ ነው። መዝገቡ ሙሉ ነው፣ ጎተራው ባዶ። የፊልሙ ስምና መጠን ልክ ሆኖ የሚታያችሁም ለዚህ ነው። ስሙ የሚጻፈው መዝገቡ ላይ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። አንዳንዱ የውሸት ፍላሽ እንዲያውም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ያኔ ትናንት ይሠራ የነበረውም ይጠፋል።

ኮፒ ስታደርጉበት ምንም ስህተት አይናገርም። በሰላም «ተጠናቀቀ» ይላል። ክፋቱ ይሄ ነው።

ፊልሙ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ያቺ የመንዝ ልጅ፣ ጓደኛችን፣ የእህቷን ሰርግ ቪዲዮ እዚያ ላይ አስቀምጣ ነበር። ላፕቶፗ ሞልቶባት ነው። 2 ቴራ አለ ስንላት አመነችን። ኮፒ አላደረገችም፣ ከት ነው ያደረገችው። ማለትም ከላፕቶፑ ነቅሎ ወደ ፍላሹ ወሰደው። ፍላሹ ደግሞ ወደ የትም። ቪዲዮ የቀረጸውን ሰው ጠየቀችው፤ ከራሱ ኮምፒውተር ካጠፋው ቆይቷል። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አያቷ ሙሽሮቹን ሲመርቁ አለ። ረጅም ምርቃት ነው፤ የመንዝ ሽማግሌ ሲመርቅ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። አያቷ አሁን በሕይወት የሉም።

እሷን እዚያ ላይ አስቀምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ጽሁፍ መጻፍ ግዴታዬ ነው።

ወደ ሱቁ ተመለስን። መጀመሪያ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» አለን። ቀጥሎ «እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ «አስወጣ» የሚለውን ሳትነኩ ነቅላችሁት ነው» አለ። በመጨረሻ «ስጡኝ፣ ፎርማት አድርጌ ልመልስላችሁ» አለን። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ይህቺን ልብ በሉ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፍላሹ እንደገና ባዶ 2 ቴራ ሆኖ ይታያል። ችግሩ የለም ይባላል። ማስረጃችሁም ይጠፋል፣ ሊተርፍ ይችል የነበረው ፋይልም አብሮ። እኛ አልሰጠንም። ገንዘባችንን ግን አላገኘንም።

ያላገኘነው ደረሰኝ ስለሌለን ነው። ደረሰኝ ያልነበረንም ሽያጩ ራሱ ንጹሕ ስላልነበረ ነው። ይህን ደፍሬ ልናገር። 600 ፊልም ያለባለቤቶቹ ፈቃድ ገልብጦ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። እኛም መግዛት አልነበረብንም። ፊልም እንወዳለን እያልን ፊልም ሠሪው ሳንቲም የማያገኝበትን ነገር ነው የገዛነው። ሻጩ ደግሞ ይህን ያውቃል። «ሄዳችሁ ምን ብላችሁ ትከሳላችሁ?» የሚል ፊት ነው ያሳየን። እንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ሸማቹ አቤት ለማለት አፉ የታሰረ ነው።

ባዶ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ግን አፋችሁ አልታሰረም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ደረሰኙ ላይ «ፍላሽ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። መጠኑ ይጻፍ። «64 ጊጋ» ከተባለ 64 ጊጋ ተብሎ ይስፈር። ችግር ካያችሁ ቀን ሳታሳልፉ ወደ ሱቁ፣ እምቢ ካለ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት ሂዱ።

አሁን ስለ ማረጋገጫው። ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ቁጥር ምንም አያረጋግጥም። አንድ ፍንጭ ግን አለ። ትክክለኛ 2 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 1.81 ብሎ ነው የሚታየው፤ 1 ቴራው ደግሞ 931 ጊጋ። አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ልክ 2.00 ወይም 1.95 ካለ ጠርጥሩ። የኛው «2.00» ነበር የሚለው፤ እኔ ደግሞ ሙሉ ሆኖ በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን 1.81 ማለቱ ብቻም አያስተማምንም፤ እሱንም ማስመሰል ይቻላል።

የሚያስተማምነው ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዊንዶውስ «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ለሊኑክስና ለማክ «ኤፍ 3» የሚባል አለ። ፍላሹን እስከ አፉ በመረጃ ይሞሉታል፣ ከዚያ የጻፉትን መልሰው ያነቡታል። ያልተመለሰውን ይነግሯችኋል። ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ፍላሽ 64 ጊጋ ለመሙላት ብቻ 2 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በዚያው ፍጥነት 2 ቴራ ለመሙላት ከ55 ሰዓት በላይ ነው። ሱቅ ቆማችሁ የምትጨርሱት አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ዛሬ ማታ እፈትሸዋለሁ፣ ካልሆነ እመልሳለሁ» በሉና ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የሻጩን ፊት ያኔ እዩት።

ፕሮግራሙ የሌላችሁ ከሆነ ቢያንስ ይህን አድርጉ። ከላይ ያለውን ፊልም አታስከፍቱ። ከታች፣ ከመሃል፣ እናንተ የመረጣችሁትን አስከፍቱ። ወደ መጨረሻው ደቂቃ ወስዳችሁ እዩት። እኔ ይህን አንዲት ነገር ባደርግ ኖሮ ከሱቁ ሳልወጣ እነቃ ነበር።

ዋጋውም ራሱ ይናገራል። 2 ቴራ የሚይዝ እውነተኛ ፍላሽ በዓለም ላይ የለም እያልኩ አይደለም፤ ኪንግስተን በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስተዋውቋል። ግን በ2,500 ብር ተርታ ሱቅ ላይ አይገኝም። በተለይ ከዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ወደየቤታችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ለታናናሾቻችሁ ፊልም ይዛችሁ ለመሄድ ስትሉ እንዳትቸኩሉ። የመመረቂያ ጽሁፋችሁንም እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዳታስቀምጡ። የራሳችሁን ፋይል በምንም ዓይነት ከት አታድርጉ። ኮፒ አድርጉ፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፣ ክፈቱት፣ እስከ መጨረሻው እዩት። ከዚያ በኋላ ነው ከላፕቶፑ የሚጠፋው።

እኛ እሁዳችንን አልተውንም። አሁን የምናየው ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ የለቀቁትን ፊልም ነው። ጋሼ ቤት ተሰብስበን አንድ ስልክ ላይ ዳታ ሞልተን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዘን እናየዋለን። አንድ ላይ ስለምናይ ማንም መጨረሻውን ሳያይ አይቀርም።

ፍላሹ ጋሼ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ማንም እንዳይነካው ብለናል። ጓደኛችን ደግሞ ሰርጉ ላይ ስልክ አውጥተው የቀረጹ ዘመዶቿን አንድ በአንድ እየደወለች ነው። እስካሁን ከደብረ ሲና አንድ የአጎቷ ልጅ 4 ደቂቃ ልኮላታል። ጭፈራው አለ። ምርቃቱን ገና እየፈለገች ነው።